ደጅ ያላወጡት ውሻ

ቡቺ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር የመጣችው በጀልባ፣ በማካሮኒ ካርቶን ውስጥ ሆና ነው። ዘጌ ለለቅሶ ሄጄ ነበር። በለቅሶው ቤት ጓሮ፣ ቡናው ሥር ከተወለዱት አምስት ቡችሎች አራቱ ወሳጅ አግኝተው አንዷ ቀርታለች። "ሴት ስለሆነች የሚፈልጋት የለም፤ ነገ ትወልድና ታስቸግራለች ይላሉ" አሉኝ የቤቱ አባወራ። "አንተም ካልወሰድሃት መንገድ ዳር መጣሏ ነው፤ የቀረውን ጅብ ያውቃል።" ይህ ሲነገር የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ አጠገቤ ቆማ ነበር። ከዚያ በኋላ እኔ የምወስነው ነገር አልነበረም።

ሽምብጥ ካለው ቤታችን በገባች በመጀመሪያው ሌሊት ቡቺ የሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ሸናች። ጠዋት ትልቁን ጨመረችበት። በሁለተኛው ቀን ኮሪደሩ ላይ፣ በሦስተኛው ቀን ከልጄ የደብተር ቦርሳ አጠገብ። የሚያናድደው ደግሞ ግቢ አውጥተናት ግማሽ ሰዓት ስትቦርቅ ምንም ሳትል ቆይታ፣ ልክ ቤት ስትገባ ቁጭ ማለቷ ነው። ባለቤቴ በአራተኛው ቀን "ወይ እሷ ወይ እኔ" አላለችም። ግን ምንጣፉን አጥባ በረንዳው ላይ ስታሰጣ ያየችኝ አስተያየት ከዚያ አያንስም ነበር።

እናቴ በበኩሏ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ገባችና፣ "ኧረ በጣና ቂርቆስ! ውሻ ከመቼ ወዲህ ነው ከሰው ጋር ቤት የሚያድረው?" አለች።

እናቴ የተናገረችው ለመውቀስ ነው። እኔ ግን የድሮ ታሪክ ማገላበጥ ልማዴ ስለሆነ ጥያቄውን እንደ ጥያቄ ያዝኩት። እውነት ግን ከመቼ ወዲህ ነው? ውሻ "ቤት አበላሸ" መባል የጀመረውስ መቼ ነው?

* * *

ሰውና ውሻ አብረው መኖር ከጀመሩ ከ14 ሺሕ ዓመት በላይ እንደሆናቸው አብረው የተቀበሩ አፅሞች ይመሰክራሉ። በእኛ አገር ግን የውሻ ቦታ ደጅ ነው። ይህ የመጣው ከጥላቻ አይመስለኝም፤ ከሥራው ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ በተቀመጠበት ጊዜ፣ ከምሽት እስከ ንጋት ድረስ የከተማዋ መንገዶች በጅብ ይሞሉ እንደነበር ጽፏል። ከጎንደር እስከ ጣና ዳርቻ ያለው ገበሬም ሆነ ባላባት በዚያ ጨለማ የሚተማመነው በአጥሩና በውሻው ነው። ውሻ ቤት ገብቶ ከተኛ ጅቡን ማን ይጮህበታል? "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" የሚለው ተረት የሚሳለቀው በዘገየ ውሻ ነው። የውሻ ክብሩ በሰዓቱ ደጁ ላይ መገኘቱ ነበርና።

ሃይማኖቱም ውሻን ከደጅ አላስገባውም። ሁሉም የሚያባርረው፣ መውጫው የጠፋበት ሰው ሲያጋጥመን "ቤተ ክርስቲያን የገባች ውሻ ሆነ" እንላለን። የዮሐንስ ራእይም ሊዘጋ ሲል ውሾችን ከቅድስቲቱ ከተማ ውጭ ነው የሚያስቀራቸው። ግን ያው መጽሐፍ ቅዱሳችን ሌላም ውሻ አለው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት በሚቆጠረው በመጽሐፈ ጦቢት ውስጥ፣ ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ጋር ሩቅ መንገድ ሲነሣ ውሻው አብሮት ይወጣል፤ ሲመለስም አብሮት ይመለሳል። ከነናዊቷ ሴት ለጌታችን በሰጠችው መልስ ውስጥ ያሉት ውሾችም ፍርፋሪ የሚለቅሙት ከማዕድ ሥር ነው። ማዕድ ሥር ማለት እንግዲህ ቤት ውስጥ ማለት ነው። ይህንን ለእናቴ ብነግራት፣ "እነሱ የኢየሩሳሌም ውሾች ናቸው" አለችኝ።

ሌላው ቤቱ ራሱ ነው። የቀድሞው የጎጃምና የጎንደር ቤት ወለሉ አፈር ነበር፤ አፈሩም በየጊዜው በእበት ይለቀለቃል። ልብ በሉ፤ የቤት ንጽሕና የሚታወቀው በከብት እበት ነበር! በብዙ ቤት ደግሞ ጥጃውም፣ በጉም፣ በቅሎዋም ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። ጥጃ ሌሊት ቢሸና ማን ይገረማል? አፈሩ ይጠጣዋል፣ ጠዋት ይጠረጋል፣ ሲደርስ ይለቀለቃል። በዚያ ቤት የውሻ ሽንት የሚባል ችግር አልነበረም። ውሻው ደጅ ስለሚያድር ብቻ አይደለም፤ ወለሉም የሚከስስ ወለል ስላልነበረ ነው።

እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። እኔ ባደግሁበት የባሕር ዳር ሰፈር፣ ሕፃን ልጅ ግቢ ውስጥ ሲጸዳዳ እናቱ "ኩቲ! ኩቲ!" ብላ ውሻ ትጠራለች። ውሻው መጥቶ ያነሣዋል። ይህንን ሲያነብ አፍንጫውን የሚይዝ እንዳለ አውቃለሁ፤ ምን ይደረግ፣ የኖርነው ነው። ለጤና አደገኛ እንደነበረም ዛሬ እናውቃለን፤ ትሉ ከልጅ ወደ ውሻ፣ ከውሻ ወደ ልጅ ይመላለሳል። ግን ሌሊት ጅብ፣ ቀን ውሻና አሞራ፣ የከተሞቻችን የመጀመሪያዎቹ ጽዳት ሠራተኞች እነዚህ ነበሩ፤ ያውም ያለ ደመወዝ። ስንት ዘመን የእኛን ሲያነሣ የኖረ እንስሳ ዛሬ "አበላሸ" ተብሎ ሲደበደብ፣ ታሪክ የሚባለው ነገር ጥርስ ቢኖረው ይስቅብን ነበር።

* * *

ለውጡ የመጣው ከወለሉ ነው። ባሕር ዳር የዛሬ መልኳን መያዝ የጀመረችው በ1950ዎቹ ነው። በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በ1955 ዓ.ም. ፖሊ ቴክኒኩ፣ በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተከታትለው መጡ። ለሠራተኛውና ለአስተማሪው የሲሚንቶ ወለል ያላቸው ቤቶችም አብረው መጡ። በሲሚንቶው ላይ የፕላስቲክ ምንጣፍ፣ ከዚያ ሴራሚክ፣ ከዚያም የእንግዳ ክብር የሆነው ለስላሳ ምንጣፍ ተነጠፈ። ሲሚንቶ እንደ አፈር አይጠጣም። ምንጣፍ ደግሞ ይጠጣል፤ ግን አይረሳም። ሽታውን ይዞ ይከርማል። ቤቱ ከበጉና ከጥጃው ተለየ፣ ግቢው ጠበበ፣ ኮንዶሚኒየም ሲመጣ ደግሞ ግቢ የሚባለው ራሱ ጠፋ። ውሻ የሚወድ ሰው ውሻውን የሚያኖርበት ደጅ ሲያጣ ቤት አስገባው።

ውሻው ቤት ገባ፤ አስተዳደጉን ግን አብረን አላስገባንም። እጃችን ላይ የቀረችው የድሮዋ ዘዴ አንዲት ናት። ዱላ።

እኔም ያደረግሁት ያንኑ ነው። በአምስተኛው ቀን ከሥራ ስገባ ምንጣፉ እንደገና ርሷል። ቡቺን ከሶፋ ሥር ጎትቼ አወጣኋት። በአንገቷ ይዤ አፍንጫዋን እርጥቡ ላይ አሸሁት፤ በነጠላ ጫማ ሁለቴ መታኋት። ማንም ያስተማረኝ አይደለም፤ ሲደረግ ያየሁትን ነው የደገምኩት። ቀና ስል ልጄ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። አላለቀሰችም።

"አባዬ፣ አሁን እኮ አልሸናችም" አለችኝ። "ቅድም ነው የሸናችው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ስገባ ቡቺ ሶፋ ሥር ትደበቃለች። መሽናቷን አላቆመችም፤ ያቆመችው እኔ ፊት መሽናቷን ነው። አሁን ከቁም ሳጥኑ ኋላ ሆነ። ልጄም ለጥቂት ቀናት እራት ላይ ከእናቷ ጋር ብቻ ታወራ ጀመር።

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ምክንያቱም እኔም አንድ ጊዜ በቡቺ ቦታ ነበርኩ። እስከ ስምንት ዓመቴ ድረስ አልጋ ላይ እሸና ነበር። ይህንን ለሰው ሳወራ የመጀመሪያዬ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ጠዋት ፍራሹ ርሶ ሲገኝ ቀበቶው ይፈታል። ፍራሹም መንገደኛ ሁሉ እንዲያየው አጥር ላይ ይሰቀላል። ቀበቶውም አጥሩም አልፈወሱኝም፤ እንዲያውም ፍርሃቱ ባሰብኝ። ያዳነችኝ ከአቸፈር ለሕክምና መጥታ እኛ ዘንድ የከረመች አያቴ ናት። ሌሊት ፋኖስ አብርታ ትቀሰቅሰኛለች። "ተነሥ ልጄ፣ ደጅ እንውጣ።" ከማንጎው ሥር አቁማኝ ትጠብቃለች። ስጨርስ "ጎሽ፣ የኔ ጌታ" ብላ ራሴን ትደባብሰኛለች። ከወር በኋላ እኔው በራሴ መንቃት ጀመርኩ። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ግን ቀበቶና አጥር ያልቻሉትን በፋኖስ ቻለች።

* * *

ቤት ውስጥ በመሽናት ስሙ በዓለም የተነገረ አንድ ኢትዮጵያዊ ውሻ አለ፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ። ጃንሆይ ይህንን ትንሽ ውሻ ይወዱት እንደነበር አብረው የተነሧቸው ፎቶግራፎች ያሳያሉ። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥትና ውድቀት ባሳተመው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ፣ አንድ የቀድሞ አገልጋይ ስለ ሉሉ ሲያወራ ይሰማል። እንደ ተራኪው ከሆነ ሉሉ በሥነ ሥርዓት መካከል ከጃንሆይ ጭን ወርዶ የመኳንንቱ ጫማ ላይ ይሸናል። መኳንንቱ እግራቸው ሲርስ ንቅንቅ ማለት አይችሉም። የተራኪው ሥራ በሳቲን ጨርቅ እየዞረ የረጠበ ጫማ መጥረግ ነበር። በዚህ ሥራ አሥር ዓመት ቆየ።

መጽሐፉ ብዙ ተተችቷል። ተራኪዎቹ የሚታወቁት በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ ነው። የታሪክ ምሁራንም፣ ቤተ መንግሥቱን በቅርብ የሚያውቁ ሰዎችም ብዙውን ነገር ፈጠራ ነው ብለውታል። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ2007 ካረፈ በኋላም ክርክሩ አልቆመም። ስለዚህ የሉሉን ሽንት እንደ ታሪክ ማስረጃ አልቆጥረውም። እንደ ተረት ግን አንድ ነገር ያሳየኛል። በዚያ ታሪክ ውስጥ ጫማ የሚጠርግ ሰው ተመድቧል፣ ጨርቅ ተመድቧል፣ አሥር ዓመት ተመድቧል። ውሻውን ከሥነ ሥርዓቱ በፊት አትክልት ቦታ ወስዶ የሚመልስ አንድ ሰው ግን አልተመደበም! "እዚህ አይደለም" የሚል አንደበት ለውሻውም ለባለ ውሻውም አልተገኘም።

ታሪኩ ፈጠራ ቢሆን እንኳ ያ ጨርቅ የያዘ ሰውዬ እንግዳ አይሆንብንም። በየመሥሪያ ቤቱ እናውቀዋለን። ከላይ ያለው ያበላሻል፣ ጨርቅ የያዘው ይጠርጋል፣ የረጠበበት ዝም ይላል። ከታች ያለው ሲያበላሽ ደግሞ ጨርቁ ይቀርና ዱላ ይመጣል። የድሃው ቡችላ ይደበደባል፣ የጌታው ውሻ ይጠረግለታል። ሁለቱም ግን ደጅ የሚያወጣቸው አላገኙም፤ ስለዚህ ሁለቱም አልተማሩም።

* * *

የሚገርመው፣ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ ሌላ መጽሐፍ ታተመ። ጸሐፊዎቹ መነኮሳት ናቸው፤ የጻፉት ግን ስለ ጸሎት አይደለም፣ ስለ ውሻ ነው። በኒው ዮርክ ግዛት ያለው የኒው ስኬት ገዳም መነኮሳት ጀርመን ሼፐርድ የሚባለውን ዘር ያረባሉ፤ የሰው ውሻም ተቀብለው ያሠለጥናሉ። ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1966 ተመሠረተ፤ በ1979 ደግሞ በአሜሪካ ባለችው የምሥራቅ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥር ገባ። ለእኛ ለጣና ገዳማት ጎረቤቶች፣ ውሻ ከመነኩሴ ጋር በገዳም ሲያድግ ማሰብ ይከብዳል። ይበልጥ የወደድኩላቸው ግን ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው እትም ያጠፋ ውሻን በጀርባው ገልብጦ ማስፈራራትን ይመክሩ ነበር። በኋላ ስሕተት መሆኑን አምነው በአዲሱ እትም አወጡት። መነኩሴ በመጽሐፍ ንስሐ ሲገባ ደስ ይላል።

ከእነሱም፣ ከእንስሳት ሐኪሙም፣ ከሌሎችም የተማርኩትን በአጭሩ ላስቀምጠው፤ የሚጠቀምበት አይጠፋም።

የሁለት ወር ቡችላ ሽንቷን መያዝ አትችልም። በደህና ቀን እንኳ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ብትይዝ ነው። እኔ እልኸኝነት ያልኩት የዕድሜ ነገር ነበር።

ውሻ በተፈጥሮው የሚተኛበትን አያበላሽም። ቡችሎች ገና ሳሉ እናታቸው እየላሰች ታጸዳቸዋለች። ሦስት ሳምንት አልፏቸው እግር ሲያወጡ ደግሞ ከማደሪያቸው ፈቀቅ ብለው መጸዳዳት ይጀምራሉ። ቡቺም ካርቶኗን አንድ ቀን አላበላሸችም። ግን ለእሷ አራት ክፍል ያለው ቤት ማደሪያ አይደለም፤ አገር ነው። ከካርቶኗ ተነሥታ ሳሎን ሄደች ማለት በእሷ ቤት ደጅ ወጣች ማለት ነው።

ቡችላ የሚሸናበትን ቦታ የሚለየው በእግሩም ጭምር ነው። በሕፃንነቱ የለመደውን ዓይነት መሬት ሲረግጥ ሽንቱ ይመጣል። ቡቺ ዓይኗን የገለጠችው በዘጌ ቡና ሥር በረገፈ ቅጠል ላይ ነው፤ ለስላሳ፣ እግር የሚያሰምጥ። የእኛ ግቢ ደግሞ ዳር እስከ ዳር ኮብልስቶን ነው። ከቤታችን ሁሉ የዘጌን ቅጠል የሚመስለው የሳሎኑ ምንጣፍ ነበር! ግቢ ወጥታ ሳትሸና ቤት ገብታ የምትሸናው ለዚህ ነው። እኛ ንቀት ያልነው ናፍቆት ነበር ማለት ይቻላል።

መጨረሻው፣ ሩሲያዊው ሳይንቲስት ፓቭሎቭ በውሾች ላይ ባደረገው ምርምር የታወቀው ነገር ነው። ውሻ ሁለት ነገሮችን የሚያያይዘው ተከታትለው ሲመጡ ነው። ከሰዓታት በኋላ የመጣ ዱላ ከሽንቱ ጋር አይያያዝም፤ ከሚገባው ሰውዬ ጋር ነው የሚያያዘው። ይህንን ልጄ ያለ ፓቭሎቭ በአንድ ቃል ነግራኝ ነበር። "ቅድም ነው።"

ከዚያ ሥራ ጀመርን። ከማንጎው ሥር ጥቂት ኮብልስቶን ነቅዬ ሁለት ማዳበሪያ ደረቅ ቅጠል አፈሰስኩበት። ሽንቷን የጠረግንበትን ጨርቅ እዚያው ቅጠሉ ውስጥ ጣልኩት፤ ሽታው እንዲጠራት። ስትነቃ፣ በልታ ስትጨርስ፣ ተጫውታ ስታበቃ፣ ከመተኛቷ በፊት፣ ሁልጊዜ ወደዚያው ቦታ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቃል፦ "ደጅ።" ስትጨርስ እዚያው ቆሜ ቁራጭ ዳቦ፤ ቤት ከገባች በኋላ አይደለም። ልናያት በማንችልበት ሰዓት ካርቶኗ ባለበት ጠባብ ጥግ ትቆያለች፤ ያውም መያዝ ከምትችለው ጊዜ በላይ አይደለም። ቤት ውስጥ ሲያመልጣት ማንም አይጮህም። ይጠረግና ውሃ በገባበት አቼቶ ይታሻል። በረኪና አያስፈልግም፤ ሽንት ላይ ሲፈስ የሚወጣው ሽታ ለሰውም አይበጅም። ሐኪሙ ዘንድ ስንወስዳት ሆዷ ትል ተገኘበት፤ መድኃኒት ተሰጣት። ዕድሜዋ ሲደርስም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ተከተበች። ለካስ ግማሹ ጥፋቷ ሕመም ነበር።

ቀላል ነበር አልልም። ወሩ ሐምሌ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዝናብ ይወርዳል፣ መብራት ጠፍቷል። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ በአንድ እጄ ጃንጥላ፣ በአንድ እጄ የስልክ መብራት ይዤ ማንጎ ሥር ቆሜያለሁ። ከሩቅ ጅብ ይሰማል። የጎረቤት ዘበኛ በአጥሩ ብቅ ብሎ "ጋሼ፣ ሰላም ነው?" አለኝ። "ሰላም ነው፤ ሽንት እየጠበቅሁ ነው" አልኩት። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም። ቡቺ ስትጨርስ "ጎሽ፣ የኔ እመቤት" ሲል አፌን ሰማሁት።

በሦስተኛው ሳምንት እንግዳ ሲበዛ ግራ ተጋብታ እንደገና ምንጣፉ ላይ ሸናች። እንደ አዲስ ጀመርን። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ ራሷ ሄዳ የደጁን በር ቧጨረች። ልጄ ቤቱን በጩኸት አናጋችው።

* * *

እናቴ ይህን ሁሉ ስታይ ከርማ "ለሰው ያልተደረገ!" አለች። እዚህ ላይ ግን ተሳስታለች። ለሰውም ተደርጓል። ኦሪት ዘዳግም ሠራዊቱ ለመጸዳዳት ከሰፈር ውጭ እንዲወጣና ቆፍሮ እንዲሸፍን ያዛል። ሰውም ደጅ መውጣትን የተማረ ፍጥረት ነው። አማርኛችን እስከ ዛሬ "ደጅ ልውጣ" የሚለው ለዚህ ነው።

እኛም እንደ ቡቺ በሁለቱም መንገድ ተሞክሮብናል። ልጅ ሳለሁ በደርግ ጊዜ "ሽንት ቤት ቆፍሩ" ተብሎ ታወጀ፤ ያልቆፈረ ይቀጣል። ጎረቤታችን ቆፈሩና ቁልፍ አደረጉበት። ለተቆጣጣሪ ይከፈታል፣ ያሳያሉ፣ ይዘጋል። ቤተሰቡ እንደ ልማዱ ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዳል። በዱላ የተማረ ሰው የሚማረው ተቆጣጣሪውን ማለፍ ነው፤ ልክ ቡቺ ከቁም ሳጥኑ ኋላ እንደሄደችው።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሲጀመር ግን አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ ወጣት ሴቶች በየቀበሌው ገቡ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30 ሺሕ አለፈ። ቤት ለቤት እየሄዱ ጉድጓዱ የት እንደሚቆፈር፣ እጅ መቼ እንደሚታጠብ አሳዩ፤ ተመልሰውም መጡ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ባወጡት ዘገባ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ከ100 ኢትዮጵያውያን 92ቱ ሜዳ ላይ ይጸዳዱ ነበር፤ በ2015 ቁጥሩ ወደ 29 ወርዶ ነበር። በአንድ ትውልድ ውስጥ እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ የእነዚያ ሴቶች ድርሻ ትልቅ ነው። ሥራቸውን ሳስብ የአያቴ ፋኖስ ትዝ ይለኛል።

ትምህርቱ አልቋል ግን አይባልም። የባሕር ዳር ፍሳሽ ዛሬም በየቦዩ ወደ ጣናና ወደ ዓባይ ይወርዳል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ላይ የተንሰራፋው እምቦጭ ደግሞ ከእርሻውም ከከተማውም የሚወርደውን እየበላ ነው የሚፋፋው። እኛ እምቦጩን በእጅ ስንነቅል ኖረናል። ያ የጨርቁ ሥራ ነው፤ ግድ ነው፣ ግን ብቻውን መቼም አያልቅም። ውሻ እንኳ የሚተኛበትን አያበላሽም። እኛ የምንጠጣበትን፣ ዓሣ የምናወጣበትን፣ ታቦት አጅበን የምንሻገርበትን ሐይቅ ነው የምናበላሸው። ማን ደጅ ያውጣን?

ቡቺ አሁን ትልቅ ውሻ ናት። እናቴ "ሂጂ ከዚህ!" እያለች በድብቅ ቁርጥራጭ ታጎርሳታለች። ልጄም ከእኔ ጋር ታርቃለች፤ እንዲያውም ደጅ የማውጣቱን ተራ እሷ ናት የምትመዘግበው። ምንጣፉ ንጹሕ ነው። ቡቺ ሁሉን ተምራለች።

ነጠላ ጫማዬን ለማድረግ ጎንበስ ስል ግን ዛሬም ሶፋ ሥር ትገባለች። እሱን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።